ስወጣ የሚወጣው ድምፅ

«እሱ ሲወጣ ድምፁም አብሮት ይወጣል። አስቦበት ነው። ብረት መቼም ሰው አይናፍቅም።»

ይህን ያለው የእህቴ ባል ነው። እኔ አፌ በአረፋ እንደተሞላ መታጠቢያ ቤት ቆሜያለሁ፤ በመታጠቢያ ቤቱና በመኝታ ክፍላቸው መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ግድግዳ ነው ለማለት ያህል እንጂ ቀለም የተቀባ ወሬ አቀባይ ነው። ጥርስ ብሩሹን ከአፌ ሳላወጣ ጆሮዬን ቀሰርኩ። «ካለ እሱ እንዳይሠራ አድርጎ የሆነ ነገር ቀብሮበታል» አለ ቀጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ ካልሲ እየሳበ መሆኑ በሚያስታውቅ የታፈነ ድምፅ። «እንዳንለቀው ነዋ። ወንድምሽ ራሱን ከቤቱ ጋር በብሎን አስሯል።» አሁን እህቴ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። የኔ ወንድም እንዲህ ያለ ተንኮል አያውቅም፣ ተንኮል ለማሰብ መጀመሪያ ከህልሙ መንቃት አለበት ትለዋለች ብዬ። የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ተከፈተ፤ ተዘጋ። «ሸሚዝህ ተተኩሷል፣ በሩ ላይ ሰቅዬልሃለሁ» አለችው። በቃ፣ ሌላ የለም። አረፋውን ዋጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴና ባሏ ከምንኖርበት ቤት ሥር፣ ደረጃው የሚያልቅበት ላይ፣ የወንዶች ፀጉር ቤት አላቸው። አንደኛው ወንበር ጋ የእህቴ ባል ይቆማል፣ ሌላኛው ጋ ደግሞ ከቁመቱ የተነሳ ምሰሶ እያልን የምንጠራው ተቀጣሪ። ግድግዳው ላይ ዋጋው ተጽፏል፦ ፀጉር፣ ጺም፣ ፀጉርና ጺም። ሦስተኛው ከሁለቱ ድምር ትንሽ ስለሚያንስ ሰው ሁሉ ተከራክሮ ያስቀነሰው ይመስለውና ደስ ብሎት ይወጣል። መከራው ወረፋው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ «እኔ ነኝ የቀደምኩ» የሚለው ጭቅጭቅ ሲግል፣ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ሳይቀር ነጩን ጨርቅ እንደለበሰ ተነስቶ ዳኛ ይሆናል። እኔ ታዲያ አንድ መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ከጣላቸው ዕቃዎች መካከል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘሁ። ሌላው ነገር ሁሉ ከብዶት ሲያቃስት ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት ብጭንበት እንደ ወጣት ተነሳ። በየወንበሩ ክንድ ሥር አንዳንድ ቁልፍ ገጠምኩ፤ የገባ ሰው ከበሩ ሚስማር ላይ ቁጥር ያለው ክብ ላስቲክ ያነሳል፣ አስተካካዩ ሲጨርስ ቁልፉን ይጫናል፣ ኮምፒውተሩም ተረኛውን በእህቴ ድምፅ ይጠራል። ድምፁን የቀዳነው ወጥ ቤት ውስጥ፣ እንዳያስተጋባ ብለን ብርድ ልብስ ተከናንበን ነው። እስከ ሠላሳ ድረስ እህቴ ሬዲዮ ጣቢያ የተቀጠረች ይመስል በማር በወተት ጠራች፤ ከሠላሳ በኋላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ስለሞቃት ቁጥሩ ሁሉ ቁጣ ሆነ። እስከ ዛሬም ሠላሳ ሁለትና ሠላሳ ሦስት የደረሳቸው ሰዎች ወደ ወንበሩ የሚሄዱት የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ነው።

ተረኛውን የሚጠራው ፕሮግራም መስኮት የለውም፣ ስክሪኑ ላይ አይታይም። ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ነው፤ ሊኑክስ እንዲህ ያሉትን የሚያስነሳና የሚጠብቅ አለቃ አለው፣ ለዚያ አለቃ «ይህ ልጅ ቢወድቅ አንሳው» ብዬ ጽፌለት ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ሌሊት አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ፣ ማንም ሳያየው አንድ ነገር ለሰው እየሠራ ነው ብዬ ሳስብ ፈገግ እላለሁ። ነገር ግን እኔ ከቤት ስወጣ ይሞታል። ስመለስ ደግሞ ገና የይለፍ ቃሌን አስገብቼ እጄን ሳላነሳ ሕያው ሆኖ ይጠብቀኛል። ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ የሚተው የጥርስ ሕመም ማለት ነው፤ አፌን ከፍቼ የቱ ነው የሚያምህ ስባል የምጠቁመው የለኝም።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ አለች። ስለ እሷ ብዙ ብናገር አፌ ይተሳሰራል፤ ስፒል በከንፈሮቿ መካከል ይዛ እንኳ መቀለድ የምትችል ሴት ናት ብል ይበቃል። አብረን ወጣ ባልን ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። አንዴ ጭማቂ ቤት ገብተን ብርጭቆው ሳይመጣ፣ አንዴ የአትክልት ቦታው በር ላይ፣ አንዴ ደግሞ እጇን ልይዝ አስቤ አስቤ ልቤ ሊፈርስ ሲል፤ ሁልጊዜ እህቴ ናት፣ «ድምፁ ቆሟል፣ ሰው እየተጣላብን ነው፣ ናልኝ» ትላለች። እሮጣለሁ። ባለፈው ልብስ ሰፊዋ ከሩቅ እየጮኸች ያለችኝ ይህ ነው፦ «ለቅዳሜ ከሰዓት አንድ ዕድል ሰጥቼሃለሁ። ያን ቀን ስልክህ ከጠራ ግን ከስልክህ ጋር ተጋባ።» ቅዳሜው ዛሬ ነው። ዛሬ ድምፁ ከቆመ እሷን አጣለሁ፣ የእህቴ ባል ያለውም ነገር እውነት ሆኖ ይቀራል፤ እህቴ ደግሞ ዝም ብላለች።

ጠዋቱን ሙሉ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሽቶው፣ የፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ ዝዝታ፣ ወለሉ ላይ ተጠርጎ የማያልቀው ፀጉር፣ አግዳሚው ላይ ጉልበት ለጉልበት የተጋጠሙ ወንዶች። እህቴ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን፣ ሒሳብ ትቀበላለች። የእህቴ ባል አንድ ጡረተኛ መምህር አገጭ ላይ ምላጭ አሳርፎ «ኢንጂነሩ ዛሬ ከሰዓት ቀጠሮ አለው፤ ወረፋችሁን ከወዲሁ በጣታችሁ ቁጠሩ» አለ። አግዳሚው ሳቀ። መምህሩ መንቀሳቀስ ስለማይችል በዓይኑ ብቻ ሳቀ። ምሰሶ ከላይ ሆኖ «ጋሼ ተወው፣ ፍቅር ላይ ያለ ሰው ኤሌክትሪክ ይስባል ይባላል» አለ። «ይሄኛው የሚስበው እኛን ነው» አለ የእህቴ ባል። እኔም እንደ ሰው ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አንድ ሐሳብ ገብቶ ይንቀለቀል ጀመር። ሕመሙ እኔ ፊት አይታይም። እንግዲያው እኔ የሌለሁ መሆን አለብኝ። «ቀጠሮዬ ቀደም ብሏል፣ ልሄድ ነው» አልኩ። እህቴ ቀና አለችና አየችኝ፣ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለች፣ ወደ ሒሳቧ ዞረች። ወጣሁ፤ እስከ ማዕዘኑ ሄድኩ፣ በወዲያኛው በኩል ተጠማዘዝኩ፣ መኪና ሲያልፍ ተከልዬ መንገዱን ተሻገርኩና የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ ዘው አልኩ።

«ገና ነው እኮ» አለች፣ ስፒሎቹን እንደነከሰች። «ሊወስደኝ የመጣ ነው ወይስ ከቤቱ የተባረረ?»

«ሰላይ ነኝ» አልኳት። መስኮቷ ላይ የሙሽራ ቀሚስ የለበሰች፣ ራሷ ላይ ነጭ መረብ የደፋች የእንጨት አሻንጉሊት ቆማለች፤ ከኋላዋ ተለጠፍኩ። ልብስ ሰፊዋም ያለ ምንም ጥያቄ መጥታ በሌላው ጎን ተለጠፈች፤ ይህን ነው የምወድላት። በሙሽራዋ ሁለት ብብት ሥር አንዳንድ ራስ ብቅ አለ። ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ከነመስታወቱ ወለል ብሎ ይታያል፣ ነገር ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ አለ፦ ሁለት የእህቴ ባል፣ ሁለት ምሰሶ፣ ባለብዙ ጉልበት አግዳሚ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ምሰሶ ቁልፉን ነካ፣ አንድ ሰው ተነሳ፤ ድምፁ አለ ማለት ነው። እህቴ ጨርቅ አንስታ ጠረጴዛውን ወለወለች። ኪቦርዱን እንደ ሕፃን ፊት በስሱ ጠረገች። ቀጥሎ ማውሱን በሁለት ጣቷ፣ ትኩስ ነገር እንደሚይዝ ሰው፣ ያዘችና ወደ ስክሪኑ ተጠግታ አንድ ቦታ ጠቅ፣ ሌላ ቦታ ጠቅ አደረገች። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ስም የሚጠይቀው ሰማያዊ ገጽ መጣ። እህቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ምሰሶ የዚያኛውን ጺም ጨርሶ ቁልፉን ተጫነ። ማንም አልተነሳም። ደግሞ ተጫነ። የእህቴ ባል ምላጩን እንደያዘ ዞሮ በሩን፣ እኔ የወጣሁበትን በር፣ እንደ ባለዕዳ ገላመጠው። እህቴ ስልኳን አነሳች።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«አታንሳው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ የማዶውን ሁኔታ፣ የእኔንም ፊት አየችና ሳቋ ስፒሎቹን አስተፋት። «እህትህ ናት እንዴ ድምፁን የምትገድለው?» አለችኝ። እኔ ግን ወጥቻለሁ። ደስታ መሆኑን፣ እብደት መሆኑን እንጃ፤ መንገዱን ስሻገር አንድ የታክሲ ሾፌር የሆነ ነገር አለኝ፣ እኔም ሰላም አልኩት። ፀጉር ቤቱ ስደርስ ሁሉም ትከሻዬን አየ። በኋላ ሳየው ከሙሽራዋ ራስ የተነቀለ ነጭ መረብ ከትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ተመልሷል» አለ የእህቴ ባል ለመስታወቱ። «አላልኩም? ቀብሮበታል ብያለሁ።»

«እትዬ» አልኩ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «አሁን ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ኮምፒውተሩን። ጨርቁን ከተውሽ በኋላ።»

«ዘጋሁልህ ነዋ» አለች፣ ምን ያስደንቃል በሚል ድምፅ። «ስምህን እላዩ ላይ ቦግ አድርገህ ከፍተህ ትሄዳለህ። ባንክ ቤት አንዷ ሠራተኛ ስሟን ከፍታ ብትነሳ አለቃዋ ስንት ነገር ተናገራት፣ አንድ ሰው ገብቶ በስምሽ ቢጫወትብሽ አላት። ይሄ ሁሉ ሰው ይገባል ይወጣል። የመኝታ ቤትህን በር ከፍተህ ስትሄድ እዘጋልህ የለ? እሱንም እንደዚያው ነው። በወጣህ ቁጥር እዘጋልሃለሁ።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ወደ እኔ ዞሩ፣ የእህቴ ባል ምላጩ አየር ላይ ቀረ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የፕሮግራሙ ገዳይ ርኅራኄ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጠረጥር የቀረሁት ደግሞ ስክሪኑ እጅ ካልነካው ራሱን ስለሚቆልፍ፣ ስመለስ የይለፍ ቃል መጠየቁ አዲስ ነገር ስላልሆነብኝ ነው። ሳቅ መጣብኝ፣ ያዝኩት፣ አልያዝ አለኝ። «አስረዳና አብረን እንሳቅ» አለ ምሰሶ።

አስረዳሁ። እዚህ ማሽን ላይ ከጀርባ የሚሠራ ነገር ሁለት ዓይነት አሠሪ ሊኖረው ይችላል አልኳቸው። አንዱ አሠሪ ቤቱ፣ ማለትም ማሽኑ ራሱ ነው፤ የእሱ ሠራተኛ ማሽኑ ሲነሳ ይነሳል፣ ማን ገባ ማን ወጣ አይጠይቅም። ሌላው አሠሪ ተጠቃሚው ነው፤ የእሱ ሠራተኛ ግብዣ የተጠራን እንግዳ ይዞ እንደመጣ ሾፌር ነው፣ ጌታው ከግብዣው ሲነሳ እሱም ባርኔጣውን አንስቶ ይከተላል። እኔ የቀጠርኩት በራሴ ስም ነበር። እህቴ ስሜን ስትዘጋ ሾፌሬ እንግዳው ሄደ ብሎ ይወጣል። መምህሩ ግማሽ አገጩ በሳሙና እንደተሸፈነ «ታዲያ የቤቱ አድርገዋ» አለ። እኔም ይኸው አልኩና ቁጭ ብዬ ከራሴ ስም አውጥቼ ለቤቱ ሰጠሁት። «ተጫን» አልኩት ምሰሶን። ተጫነ፤ ስክሪኑ ላይ ፕሮግራሙ ቁልፉን መስማቱን፣ ቁጥሩንም ማዞሩን አያለሁ። ድምፅ ግን የለም። ቤቱ የቀጠረው ሠራተኛ ሁሉን ይሠራል፣ ድምፅ ማጉያው ግን በገባው ሰው እጅ ስለሆነ አይሰጠውም። ድዳ ሆኖ ይጠራል። «እድገት ነው» አለ የእህቴ ባል፤ «ድሮ አንተ ስትወጣ ነበር የሚቆመው፣ አሁን አንተም እያለህ ቆመ።» እዚያው ሁለት ሰዎች አንዱን ወንበር ይዘው መሟገት ጀመሩ፤ አንዱ ቁጥሩን እንደ መታወቂያ አውጥቶ ያሳያል። ማዶ ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ የእጅ ሰዓቷን በጣቷ ነካ ነካ ታደርጋለች።

ወደ ራሴ ስም መለስኩት። ከዚያ አንብቤ አልፌው የነበረ፣ ለማንም አይጠቅምም ብዬ የተውኩት አንድ መስመር ትእዛዝ ትዝ አለኝ፤ ይህ ሰው ቢወጣም ሠራተኞቹ ይቆዩ የምትል ፈቃድ። እሷን ጻፍኩ። ድምፅ ማጉያውን መንካት ከተፈቀደላቸው ጋርም ራሴን ቆጠርኩ። ማሽኑን አጠፋሁና አስነሳሁት፤ ሰማያዊው ገጽ መጣ፣ ስም ጠየቀ። እኔ ግን አልገባሁም። እንደተያዘ ሌባ ሁለት እጄን ወደ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ሸሸሁ። «ማንም የለበትም» አልኩ። «ጋሼ፣ አንተ ተጫነው።» የእህቴ ባል ወደ ወንበሩ ክንድ ጎንበስ አለ። ለአንድ አፍታ ምንም የለም፣ በዚያች አፍታ ውስጥ ልብስ ሰፊዋን አጥቼ፣ አግብታ፣ ልጇ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲመጣ ሁሉ ታየኝ።

«ቁጥር አንድ፣ ወደ ወንበር» አለች እህቴ ከድምፅ ማጉያው፣ በማር በወተት።

«ቁጥር አንድ ጠዋት ተቆርጦ ሄዷል» አለ ምሰሶ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንደ አዲስ ስለተነሳ ነው፣ ከመጀመሪያ ይቆጥራል አልኩ። ያኔ ሁለቱ አስተካካዮች እየተቀባበሉ ቁልፉን ይጫኑ ጀመር፣ እህቴም ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት፣ ቁጥር አራት እያለች ትሮጣለች፣ አግዳሚው ላይ ያለው ወንድ ሁሉ እንደ ሕፃናት ክፍል አብሮ ይቆጥራል፣ መምህሩም ሳሙናውን እያስረጨ እጁን ያወዛውዛል። ሠላሳን አልፈው የቁጣው ክፍል ሲመጣ አንዳንዱ በልማድ ጎበጥ አለ። ተራው ሠላሳ ሦስት ላይ ሲደርስ ቆሙ፣ ሠላሳ ሦስት ቁጥር የደረሰው ተሟጋችም አንገቱን ደፍቶ ወደ ወንበሩ ሄደ።

እህቴ አጠገቤ መጣችና ነጩን መረብ ከትከሻዬ ላይ አነሳች፣ አጣጠፈችው። «ዝጊውም ክፈቺውም፣ ከዛሬ ጀምሮ ግድ የለውም» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ቀስ ብዬ «ጠዋት ግን ለምን ዝም አልሽ? ሰምቻለሁ» አልኳት። መረቡን ደግማ አጠፈችው፣ ከዚያ በላይ የሚታጠፍ ባይኖረውም። «እውነት ይሆናል ብዬ ነዋ» አለች። «ካለሱ አይሠራም ካሉ እንግዲህ ወንድሜ የትም አይሄድብኝም ብዬ። ቀብሮበት ከሆነም ይቀበር ብዬ።» ሒሳብ የሚከፍል ሰው መጣ፣ እሷም መልስ መቁጠር ጀመረች።

ልወጣ ስል የእህቴ ባል በቶንዶሱ ወደ ወንበሩ ጠቆመኝ። «ና ተቀመጥ።» ቀጠሮ አለኝ አልኩት። «ለዚያ ነው። በዚህ ማጅራት ነው የምትሄደው?» አግዳሚው አጉረመረመ፣ ተራ አለ አለው። «ይሄ ቁጥር የለውም» ብሎ ዘጋቸው። ነጩን ጨርቅ አለበሰኝ፣ ማጅራቴን በምላጭ አጸዳ፣ ጆሮዬ ጀርባ ያለውን ሳይቀር፣ ለሹም እንኳ በማያወጣው ትዕግሥት። ሲጨርስ ከራሱ ሽቶ፣ ለደንበኛ ከማይነካው፣ በእጁ ጠብ አድርጎ አንገቴን መታ መታ አደረገኝ፤ ትንሽ አመመኝ፣ በመስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም ወደ ሌላ ቦታ አየን።

ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ስትጠጋኝ አሸተተችኝና «ሰላዩ ሽቶ ለውጧል» አለች። ሄድን። ጭማቂ ቤት ገባን፣ ብርጭቆው መጣ፣ ጠጣነው። የአትክልት ቦታውን በር አለፍን። እሷ ስለ አንዲት ደንበኛዋ ታወራለች፤ ሴትዮዋ በየሳምንቱ ወፍራለች ወይ ከስታለች፣ ቀሚሱ ግን ያው ነው። እኔ እየሰማሁ፣ እየሳቅኩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ስልኬ ላይ አድርጌያለሁ። አይጮህም። ትንሽ ቆይቼ አየሁት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አየሁት። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ልቤ አልቻለም፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» አልኳትና ደወልኩ።

እህቴ ቶሎ አላነሳችም። ስታነሳ ከጀርባዋ ራሷ ቁጥር አርባን በቁጣ ስትጠራ ሰማሁ። «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ምንም፣ ይሠራል ወይ ልልሽ ነው አልኳት። «ይሠራል። ሥራ ላይ ነን» አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። «ምን አለችህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሥራ ላይ ነን አለችኝ» አልኳት፤ ድምፄ ውስጥ የነበረው ቅሬታ ለራሴም ገረመኝ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ያንን ትታ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች፣ ሳቋ ግን በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም ወጣ፣ እኔንም ይዞኝ ወጣ፤ የሚያልፉ ሰዎች ምን አግኝተው ነው እያሉ ዞረው እስኪያዩን። ሳቋ ሲበርድ እጇን ዘረጋች። ልይዛት መስሎኝ እጄን ሰጠኋት። «እሱን አይደለም፣ ስልኩን» አለች፣ እጄንም ግን አልለቀቀችም። ስልኩን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ክርና ሜትር መሐል ከተተችው፣ ዚፑን ሳበች። «ሲያስፈልግህ ጠይቀኝ» አለች።

የመንገዱ መብራቶች ሲበሩ ገና አልጠየቅኳትም ነበር።